ከቤት የማይወጣ ኮምፒውተር

የሰርግ ቪዲዮ አቀናባሪ ነኝ። እንዲህ ስል ሰው ሁሉ የሙሽራ መኪናና የኬክ ቆረጣ ይመስለዋል። እኔ ግን የማቀናብረው የሴቶቹን ወገን ብቻ ነው። ጅማ ላይ፣ በእኛ በሙስሊሞቹ ቤት፣ አንድ ሰርግ ሁለት ሰርግ ነው፤ ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ፣ ሴቶቹ ቤት ውስጥ። የሴቶቹ በር ከተዘጋ በኋላ ሻሽ ይወልቃል፣ ፀጉር ይፈታል፣ ዓመቱን ሙሉ አንገቷን ደፍታ የከረመች ሴት ወገቧን አስራ ትነሳለች። ያን የምትቀርጸው ሴት ናት፤ የምታቀናብረውም ሴት መሆን አለባት። ካሜራ የምትይዝ ሴት አሁን አሁን አትጠፋም። ቁጭ ብላ የምታቀናብር ስትፈለግ ግን የሚጠራው የኔ ስም ነበር። «ነበር» ያልኩት አውቄ ነው።

ለእያንዳንዷ የሙሽራ ቤተሰብ የምሰጠው ቃል አንድ ነው። «ኮምፒውተሩ ከዚህ ክፍል አይወጣም። ወንድ አያየውም። በአማና ነው» እላለሁ። አማና ያሉት አደራ ከተበላ ሌላ የሚቀር ነገር የለም። ሴቶቹ ፊርማ አይጠይቁኝም፣ ምስክር አይጠሩም፤ ቃሌን ሰምተው ካሜራው የቀዳውን ሁሉ ጠረጴዛዬ ላይ ጥለውልኝ ይሄዳሉ። አንዲት ፀጉሯን የፈታች ሴት ከዚያ ክፍል ከወጣች እንጀራዬም ስሜም አብረው እንደሚወጡ አውቅ ነበር። እነሱም ያውቁ ነበር።

ክፍሌ ሰቶ ሰመሮ ካለው የእናቴ ግቢ ጀርባ ናት። ከአጥሩ ማዶ ቡና መፈልፈያ አለ። ቡና በሚደርስበት ወራት ደረቁ ቡና ከነገለባው በአይሱዙ እየተጫነ ይመጣል፤ ማሽኑ ይጮሃል፣ ገለባው እንደ ዱቄት ይበናል፣ በመስኮቱም በበሩ ስንጥቅም በጣራው ሥርም ገብቶ እኔ ዘንድ ያርፋል። ሰርግ የሚደራውም በዚያው ወራት ነው፤ ሰው ቡናውን ሸጦ ሲጨርስ ነው ልጁን የሚድረው። ስለዚህ ኮምፒውተሬ ከዓመቱ ሁሉ አብዝቶ የሚለፋበት ወርና አብዝቶ አቧራ የሚውጥበት ወር አንድ ነው። የቡና አገር ልጅ መሆን መታደል ነው ይላሉ። መስኮቴን መጥተው ቢወለውሉልኝ ኖሮ እኔም በተስማማሁ።

የዚያን ዓመት የተበላሸው የግራፊክስ ካርዱ ማራገቢያ ነው፤ ፋን እንለዋለን። ግራፊክስ ካርድ ማለት ምስሉን የሚሸከመው ክፍል ነው፤ ቪዲዮ ሲቀናበር ሥራው ሁሉ እሱ ላይ ስለሚወድቅ እንደ ካውያ ይግላል። የሚያበርዱት ላዩ ላይ የተገጠሙ ሁለት ትንንሽ ፋኖች ናቸው። አንዱ መጀመሪያ እንደ ታመመ ድመት አቃሰተ፣ ቀጥሎ ዝም አለ። ሁለተኛው የሁለቱን ሥራ ሊሠራ እየተንገዳገደ ቆይቶ እሱም ሰለቸው። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ አንድ ዘፈን ሳያስጨርሰኝ ድርግም ይል ጀመር።

በእጄ የነበረው የአጋሮ ሙሽራ ፊልም ነው። ልጅቷ እናቷ የሞተችው ገና ሕፃን ሳለች ስለሆነ ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ ናት፤ እህትየዋ እዚህ ጅማ ለቡና ነጋዴ የተዳረች፣ የልጆች እናት የሆነች ሴት ነች። ብዙ ሰርግ አይቻለሁ፤ እንደዚያች ሴት የጨፈረ አላየሁም። ሻሿ ሲወድቅ አላነሳችውም። ሒና የተቀባ እጇን ዘርግታ፣ ፀጉሯ ጀርባዋ ላይ ተበትኖ፣ እየሳቀች ታለቅሳለች፣ እያለቀሰች ትስቃለች። ሙሽራዋ ልትወጣ ስትል ደግሞ በሩ ላይ ያዘቻት፤ ከነመሸፈኛዋ አቅፋ ግራና ቀኝ እያወዛወዘች ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር አለቻት። ቀራጯ ልጅ አላህ ይስጣትና ከዚያ ቦታ ካሜራዋን አላነቃነቀችም። ፊልሙን በሙሉ የምሠራው እዚያ ቦታ ላይ ለመድረስ ብዬ ነበር ማለት ይቻላል።

ታላቅ ወንድሜ የቡና ደላላ ነው፤ ከአጋሮ ጅማ ሲመላለስ ይውላል። ማስታወቂያዬ ላይ ያለው ስልክ የሱ ነው። ማስታወቂያውን ላሠራ ስል «ሴት ልጅ ስልኳን ግድግዳ ላይ አትለጥፍም» ብሎ የራሱን ቁጥር አስጻፈ። ሥራውን የምሠራው እኔ፣ «አቤት» የሚለው እሱ። የኮምፒውተሩን የይለፍ ቃልም ያወጣው እሱ ነው፤ ልቀይረው ስል «ከኔ የምትደብቂው ምን አለ?» ብሎ ተቆጣ። ውጣ ሲሉት የሚወጣ፣ ና ሲሉት የሚመጣ፣ ለሰው ሁሉ ደግ ነው። የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ፊልሙ ሲዘገይ የሙሽራዋ ቤተሰቦች የሚደውሉት ለሱ ነው። እሱም በየጊዜው ክፍሌ በር ላይ ቆሞ «ማሎ፣ እባክሽ፣ ጨርሺላቸው እንጂ! ፊቴን የማዞርበት አጣሁ» ይለኛል። ፋኑ መበላሸቱን ስነግረው «ፋን ነው እንዴ ሰው የሚያቆመው?» አለ። ጠጋኝ ቤት እንውሰደው ሲል እምቢ አልኩ፤ ለምን እንደሆነም ነገርኩት። ሰምቷል። ይህን የምለው በኋላ «አልነገርሽኝም» ስላለ ነው።

ጅማ ላይ ለዚያ ካርድ የሚሆን ፋን ፈልጌ አጣሁ። ካርዱ ራሱ ሌላ ሰው የተገለገለበት፣ ከአዲስ አበባ የመጣ አሮጌ ነው። በመጨረሻ አንድ የማውቀው ሹፌር ከዚያው ከአዲስ አበባ ሁለት ፋን አመጣልኝ። ለካርዱ የተሠሩ አይደሉም፤ «ለማንኛውም ይሆናል» ተብለው የሚሸጡ፣ ወፈር ወፈር ያሉ ጥቁር ፋኖች ናቸው። ለማንኛውም ይሆናል የሚባል ነገር ለምንም እንደማይሆን ከትዳር ጠያቂዎቼ ተምሬአለሁ፤ ግን ምርጫ አልነበረኝም።

በሬን ዘግቼ ካርዱን ነቀልኩት። ብሎኖቹ የምስር ክክ የሚያክሉ ስለሆኑ እንዳይጠፉብኝ ነጭ ፎጣ አነጠፍኩ። አሮጌዎቹን ፋኖች ከነፕላስቲካቸው ሳነሳ ከሥራቸው የወጣውን ባየሁ ጊዜ ሳቄ መጣ፤ ብረቱ መሐል የቡና ገለባ እንደ ጭቃ ተለስኗል። ያገሬ ቡና ሌላውን ሰው ያነቃል፣ የኔን ማሽን አንቆ ገድሏል። በኩል መኳያዬ ብሩሽ እያንዳንዱን ክፍተት ጠረግኩ። ከካርዱ ልብ ላይ ያለው፣ ሙቀቱን ወደ ብረቱ የሚያሳልፈው ቅባት ደርቆ ጭቃ መስሎ ነበር፤ በጥጥ አነሳሁትና አዲሱን ቀባሁ። ስስ አድርጎ መቀባት ነው ሙያው፤ ከበዛ ያፍናል፣ ካነሰ አይደርስም።

አዲሶቹ ፋኖች የብሎን ቀዳዳቸው ከካርዱ ጋር አይገጥምም። በቀጫጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ አራት ማዕዘናቸውን ከብረቱ ጋር አሰርኳቸው፤ ፈልቀቅ እንዳይሉ በፒንሳ ሳብኩ፣ የተረፈውን በጥፍር መቁረጫ ቆረጥኩ። ውበት የለውም፣ ግን ጠበቅ ብሏል። ችግሩ ገመዱ ነበር። የፋኑ ሶኬት ከካርዱም ከኮምፒውተሩም አይገባም። ሶኬቱን ቆርጬ ሽቦውን ላጥኩና ከኮምፒውተሩ የኃይል ገመድ ጋር ጠምዝዤ በፕላስተር ጠቀለልኩት። ስከፍተው ሁለቱም ዞሩ። ብቻዬን እልል አልኩ። እናቴ ከጓዳ «ምን አገኘሽ?» ብላ ጮኸች፤ «ነፋስ!» አልኳት።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ፊልሙን አብቅቼ ላወጣ ስል የተጠመዘዘው ሽቦ ሙቀቱና ንዝረቱ አላልቶት ሸሸ፤ ፋኖቹ ቆሙ፣ ኮምፒውተሩ ጠፋ። ሽቦው በካውያና በስታኞ መበየድ እንዳለበት ገባኝ። የመበየጃ ካውያ ደግሞ የለኝም። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ፋኖቹንና ገመዱን ብቻ ፈትቼ በፌስታል ይዤ ገበያው መንገድ ላይ ወዳለው ጠጋኝ መሄድ፣ አስበይዶ መመለስ፣ መልሶ ማሰር። ኮምፒውተሩ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ይህንንም ለወንድሜ ነገርኩት። «ነገ ፋኖቹን ብቻ ይዤ እሄዳለሁ» አልኩት፣ በዚሁ ቃል።

በማግስቱ ግን ሰኮሩ ያለችው አክስታችን ማረፏ ተሰማ። ሁላችንም ሄድን። ወንዶቹ ቀብረው፣ ዱዓ አድርገው፣ በዚያው ዕለት ወደየሥራቸው ተመለሱ፤ እኛ ሴቶቹ ለቅሶ ቤት ቀረን። ደንቡ እንዲህ ነው፤ ሞቱን ወንድ ይቀብረዋል፣ ሴት ቁጭ ብላ ትጠብቀዋለች። እኔ ሰኮሩ ላይ ሰሃን እያጠብኩ ሳለሁ ወንድሜ ጅማ ላይ ስልክ ተደውሎለት ኖሯል። የሙሽራዋ አጎት ናቸው። «ሰው መስለኸን ነበር» አሉት መሰለኝ፤ ወንድሜን ከዚህ በላይ የሚያንገበግበው ቃል የለም። ተነሳ፣ ክፍሌን ከፈተ፣ ኮምፒውተሩን ከነነፍሱ ተሸክሞ ባጃጅ ላይ ጫነ።

ስመለስ ፊቱ በርቶ በር ላይ ጠበቀኝ። «ግቢ፣ ግቢ፣ ስሚ!» እያለ እጄን ጎትቶ ክፍሌ አስገባኝ። ኮምፒውተሩ በርቷል። ድምፅ የለውም። እጄን ሳስጠጋ ከውስጡ ቀዝቃዛ ነፋስ ይወጣል። ሽቦው ተበይዶ፣ በጥቁር ቱቦ ተሸፍኖ፣ ጥግ ጥጉን ይዞ ታስሯል፤ ማሰሪያዎቼን እንኳ አልነካቸውም። እኔ በሕልሜ ያየሁት ሥራ ነው።

«የት አሠራኸው?» አልኩት።

«ገበያው መንገድ። ሰውዬው ጎበዝ ነው። አውሎ አሳድሮ ፈትሾ ነው የሰጠኝ፤ አንዴም አልጠፋም።»

የከተማችን ጠጋኞች እንዴት እንደሚፈትሹ ጅማ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቃል። የተሠራው ቴሌቪዥን፣ የተሠራው ቴፕ፣ የተሠራው ማንኛውም ነገር ፊቱን ወደ መንገድ አዙሮ ባለቤቱ እስኪመጣ ሲጮህ ይውላል። የጠጋኝ ማስታወቂያው እሱ ነው፤ መንገደኛው አይቶ «ይህ ሰው ይሠራል» እንዲል። ልጆች ሳለን ኳስ የምናየው ከዚያ ነበር።

«በምን ፈተሸው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ካርዱ እንዲሞቅ ከባድ ቪዲዮ መክፈት አለብኝ አለ። የይለፍ ቃሉን ሰጠሁት።»

«ስክሪኑ ወዴት ዞሮ ነበር?»

ዓይኑን ወደ ፋኑ መለሰ። ከዚያ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ድምፁን ዘግቶት ነበር፣ ወላሂ!»

ጮህኩ። ግቢው እስኪሰማ ጮህኩ። አማናዬን በባጃጅ ጭነህ ገበያ አወጣህብኝ አልኩት፤ የሰው ሚስት የሰው እህት አደባባይ ላይ አሰጣህ አልኩት። መጀመሪያ ደነገጠ፣ ቀጥሎ ተቆጣ። «እጄ አመድ አፋሽ ነው! ሥራሽን ባቃና፣ ስምሽን ባድን፣ ትጮሂብኛለሽ?» አለ። እናቴ መሐላችን ገብታ ደረቴን በመዳፏ ያዘች። «ወንድምሽ ነው፤ ሆድ ይፍጀው» አለችኝ። የኔን ሆድ ማለቷ ነው። ሁልጊዜ የሚፈጀው የኔ ሆድ ነው።

ጠጋኙ ዘንድ ሄድኩ። ደግ ሰው ነው፤ ለዚህም ተናደድኩበት። «ወላሂ እህቴ፣ የማን እንደሆነ ማን ነገረኝ? አስጀምሬው ወደ ሥራዬ ዞርኩ፤ አንዲት ሴት ያየሁ እንደሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው» አለ። አመንኩት። እሱ ጀርባውን ሰጥቶ ይበይዳል፤ የሚያየው መንገዱ ነው።

ካዩት አንዱ የአጋሮዋ ሙሽራ ታላቅ እህት ባል ነበር። የተሰበረ የስልኩን መስታወት ሊያስቀይር ገብቶ ተራውን እየጠበቀ ቀና ሲል ሚስቱን ያያል። እንዲህ ሲሆን ሰው ተነስቶ ያጠፋዋል፣ ወይ ይጮሃል። እሱ ግን ተነስቶ ወጣ፤ «የኔ ናት» ማለቱ አሳፍሮት ሚስቱን መንገድ ላይ እንደበራች ትቷት ሄደ። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት። ጠዋት መጣች፣ አንገቷ ድረስ ተሸፋፍና፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ስትጮህብኝ ለመስማት ተዘጋጅቼ ነበር፤ አልጮኸችም።

«ምሳውን በልቶ እጁን ከታጠበ በኋላ ነው የጠየቀኝ» አለች። «ፀጉርሽን የፈታሽው ለማን ነው? አለኝ። ለእህቴ አልኩት። አላመነኝም አይደለም፤ አመነኝ። ግን ከእንግዲህ ሰርግ የለም አለ። አጋሮም የለም። ልጅቷን ማየት ካማረሽ ትምጣና ትይሽ አለኝ።» «ማል ጎና?» አለች፣ ምን እናድርግ እንደማለት፣ ለራሷ።

«ኮምፒውተሩን ያወጣው ወንድሜ ነው» አልኳት። «እኔ ለቅሶ ላይ ነበርኩ።»

«አውቃለሁ። ሁሌም እኛ ለቅሶ ላይ ነን» አለች።

ልትነሳ ስትል ተመልሳ ተቀመጠች። «አንድ ነገር ልለምንሽ። መንገደኛው ሁሉ አይቶኛል፤ እኔ ግን አላየሁኝም። አሳዪኝ» አለች። ከፈትኩላት። ያ ጠጋኝ የበየደው ማሽን ሳያቃስት፣ ሳይቆራርጥ፣ ውኃ ሆኖ አጫወተላት። ስትጨፍር አየች። ሻሹ ሲወድቅ እጇን ወደ ራሷ ላከች፣ አሁን እንደወደቀ ሁሉ። ከዚያ ፈገግ አለች፤ ወዲያው ፊቷ ተለወጠ። «ይህ ነው ያናደደው? ደስ ብሎኝ እኮ ነው» አለች። በሩ ላይ ከምታቅፍበት ቦታ ሳንደርስ ተነሳች፤ ባሏ ለሰላት ከመግባቱ በፊት ቤት መገኘት ነበረባት።

ሽማግሌዎች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ባልየው ወንድሜን መክሰስም መጣላትም አልፈለገም፤ ቡና ይገበያያሉ። ከዐስር ሰላት በኋላ በእናቴ ሳሎን ተሰበሰቡ፤ ባልየው በአንድ ወገን፣ ወንድሜ በሌላው፣ ሽማግሌዎቹ መሐል። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሻይ እየቀዳሁ እሰማ ነበር። ወንድሜ ተነስቶ «ጥፋቱ የኔ ነው፤ ሳላውቅ ነው፤ ይቅር በለኝ» አለ። ድምፁ አማረ። አንዱ ሽማግሌ «ማሻአላህ፤ ወንድ ልጅ ጥፋቱን ሲያምን እንዲህ ነው» አሉ። ባልየውም ልቡ ራራ። «እኔ ቂም የለኝም። አንድ ነገር ብቻ፤ ባለቤቴ ከዚያ ፊልም ትውጣ። ከዋናውም ከቅጂውም። የትም እንዳትቀር» አለ።

«ዛሬውኑ» አለ ወንድሜ። «ወላሂ፣ ዓይኔ እያየ ነው የማስጠፋው።»

ሻዩን ይዤ ገባሁ። ትሪውን ሳላስቀምጥ «አማናው የተሰጠው ለኔ ነው» አልኩ። «የተጎዳችው ደግሞ እሷ ናት። እኔም አልተጠየቅኩ፣ እሷም የለችም። ይህ የማን እርቅ ነው?» እናቴ ከመጋረጃው ወጥታ ትሪውን ከእጄ ተቀበለችኝ። ትልቁ ሽማግሌ ደግ ሰው ናቸው፣ ሕፃን ሳለሁ ከረሜላ ይሰጡኝ ነበር፤ በሐዘኔታ አዩኝ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም። ነገሩ እኮ አልቋል» አሉኝ። እጃቸውን ዘረጉ፣ ዱዓ አደረጉ፣ «አሚን» ተባለ። ባልየውና ወንድሜ ትከሻ ለትከሻ ተሳሳሙ። ሻዩ ሳይቀዘቅዝ ደረሰላቸው።

በነጋው ወንድሜ ወንበር ስቦ ከጎኔ ተቀመጠ፤ ወንድ አያየውም ባልኩት ፊልም ፊት፣ መሐላውን ለመጠበቅ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ «አለች አሁን?» እያለ ይጠይቀኝ ነበር። የሌሎቹ ሴቶች ክብር እንዳይነካ ነው። ከተማው በሙሉ ያየውን እሱ አላይም አለ፤ ሳቄም እንባዬም አብረው መጡ። ሴትዮዋን ከየቦታው ቆረጥኳት። ዳር ላይ ከቆመችበት መቁረጥ ቀላል ነው። መሐል ላይ ስትጨፍር ግን ከሷ ጋር ዘፈኑም፣ ጭብጨባውም፣ ሙሽራዋም ይሄዳሉ። በሩ ላይ ያለው ደግሞ ሁለቱ ተቃቅፈው ስለሆነ አንዷን ትቶ አንዷን ማስቀረት የለም። ያን በሙሉ ጣልኩት። ዋናውንም አጠፋሁ፤ «ጠፋ?» አለ፣ «ጠፋ» አልኩት። ማሽኑ ይህን ሁሉ ሲሠራ አንድም ጊዜ አልሞቀም። ድሮ የሚጠፋብኝ ነገር ለዚህ ቀን እንኳ ሊጠፋልኝ አልቻለም።

ሥራው እንደፈራሁት ሆነ። ማንም መጥቶ አልሰደበኝም፤ ስልኩ ብቻ ዝም አለ፣ ማለትም የወንድሜ ስልክ። የያዝኳቸውን ሁለት ሰርጎች ባለቤቶቹ በትሕትና መጥተው ወሰዱ። «ትንሽ ልናርፍበት ነው» አሉ። ወንድሜ እስከ ዛሬ ገበያ ላይ «ጥፋቱን ያመነ ወንድ» ተብሎ ይመሰገናል። ኮምፒውተሩን ለምን ለወንዶቹ ወገን ቪዲዮ አትሠሪበትም ይለኛል፤ እሱ ያመጣልኛል። የድንኳን ሰርግ አሁን አሁን እሠራለሁ። ወንዶች ሲበሉ አቀናብራለሁ።

ሙሽራዋ ፊልሙን ልትወስድ የመጣችው ራሷ ነው፣ ከአጋሮ፣ ብቻዋን። ገና የሒናዋ ምልክት ከጥፍሯ ጫፍ አልለቀቀም። ፍላሹን ሰጥቻት ትሄዳለች ብዬ ነበር፤ «እዚሁ ልየው» አለች። አየችው። አንዳንድ ቦታ አንገቷን ሰገግ ታደርጋለች፣ ከስክሪኑ ጠርዝ ውጭ ያለ ሰው የምትፈልግ ይመስል። በሩ ጋ ስንደርስ ፊልሙ ከደፉ ላይ ወደ መኪናው ዘለለ።

«እዚህ ጋ እህቴ ይዛኝ ነበር» አለች።

«አዎ።»

«የት አለ?»

«ወንዶቹ ሲታረቁ ሄደ» አልኳት።

የገበያውን ነገር እንደሰማች ከፊቷ አወቅኩ። እህቷ በስልክ ነግራታለች፤ ከፊልሙ መውጣቷን ግን ያልነገረቻት ራሷም ስለማታውቅ ነው። «እኔ አላየሁትም እኮ» አለች። «መሸፈኛው ፊቴ ላይ ነበር። እጇን ብቻ ነው የማውቀው። የሆነ ነገርም ነግራኝ ነበር፣ በዘፈኑ ጩኸት አልሰማሁትም፤ ጠይቄያት ተይው አለችኝ። አንቺ አይተሽዋል አይደል?»

ብዙ ጊዜ አይቼዋለሁ። ከኔና ከቀራጯ ልጅ በቀር ያን ቦታ ልብ ብሎ ያየ የለም፤ መንገደኛውን ሰው ነው አልለውም። ቃሉን እኔም እንዳልሰማሁት ነገርኳት፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ግን አይቻለሁ። ስክሪኑን አጥፍቼ ወንበሬን ወደሷ አዞርኩና ነገርኳት፤ እህትሽ መጀመሪያ መሸፈኛሽን ከትከሻሽ ላይ አስተካከለችልሽ፣ ከዚያ ሄደች ስል ተመለሰች፣ ሁለት እጇን ከጀርባሽ አገናኘች፣ ግራና ቀኝ አወዛወዘችሽ፣ ሕፃን እንደሚያስተኙ፣ ዓይኗን ጨፍና ነበር አልኳት።

ሙሽራዋ እጇን ጭኗ ላይ አጣምራ አዳመጠችኝ። ስጨርስ «እንደገና ንገሪኝ» አለች። እንደገና ከመጀመሪያው ነገርኳት።